ሳነበው የገባኝ ነገር ፈተና ላይ የት ይሄዳል?

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ከወረኢሉ አካባቢ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤታችን ጥሩ ውጤት ካመጡት አንዷ ነበርኩ። እዚህ ግን ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ ሒሳብ ከ30 11፣ ፊዚክስ ከ30 13 አገኘሁ። አላጠናሁም እንዳልል በየቀኑ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አነባለሁ። ሃንድአውቱን ሦስት አራቴ እደግመዋለሁ፣ አሰምርበታለሁ። ሳነበው ይገባኛል። ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ባዶ እሆናለሁ። ከእኔ ያነሰ የሚያጠኑ የዶርሜ ልጆች ይበልጡኛል። በቀን ስንት ሰዓት ላጥና? ወይስ ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ወደ ቤቴ ልመለስ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ደሴ ውስጥ የትምህርት ሥነ ልቦና አስተምራለሁ፤ ተማሪ ማማከርም የየዕለት ሥራዬ ነው። የሚድ ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ቢሮዬ የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹ አንቺ የጻፍሽውን ነው የሚነግሩኝ። «ሳነበው ይገባኛል፣ ፈተና ላይ ይጠፋብኛል» ይላሉ። ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ በየትምህርት ቤታቸው ደረጃ ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ «ጭንቅላቴ ለዩኒቨርሲቲ አይሆንም» የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው።

ጥያቄሽ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምታነቢ ነግረሽኛል። ስንት ጊዜ እንደምትደግሚ ነግረሽኛል። እንደምታሰምሪም ነግረሽኛል። ሃንድአውቱን ዘግተሽ «እስቲ አሁን ምን ያዝኩ?» ብለሽ ራስሽን የጠየቅሽበት ጊዜ ግን የለም። ችግሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

አንድን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ስታነቢው ዓይንሽ ለምዶታል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ። ያ መልመድ ነው «ገብቶኛል» የሚያሰኝሽ። ፈተና ግን ገጹን አያሳይሽም። ባዶ ወረቀት ሰጥቶ «አውጪ» ነው የሚልሽ። ማውጣቱን ደግሞ አልተለማመድሽውም። ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድሽው ማስገባቱን ብቻ ነው።

ይህን ከኪሴ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የኮሌጅ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱ ቡድን አራት ዙር ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ዙር ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ አስታወሱ። ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ። በጣም የሚገርመኝ ደግሞ ሌላው ነው፤ «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ?» ተብለው አስቀድመው ሲጠየቁ፣ በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ያንቺም ነገር ይኸው ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ «ይዤዋለሁ» ብለሽ ስትተኚ ውሸትሽን አይደለም። ለዚያች ሰዓት ይዘሽዋል። ፈተናው ግን በሳምንቱ ወይም በወሩ ነው።

ወሎ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። መድረሳ የቀራ ወንድም ወይም አጎት ካለሽ ጠይቂው። ልጁ በሉሁ፣ በእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ የተጻፈለትን ያነባል፤ ከዚያ ሳያይ ኡስታዙ ፊት በቃሉ ያሰማል። ካላሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የቄስ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። የቃል ትምህርት ማታ ማታ ያለ መጽሐፍ ይጠናል፤ የኔታ ፊት ያልወጣለት ልጅ «አውቄዋለሁ» ቢል ማንም አይሰማውም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ ማስታወሻ መገልበጡን ያዝን፣ ማሰማቱን ጣልነው። እኔን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሸምድጂ እያልኩሽ አይደለም፤ ሳይገባሽ የሸመደድሽው ሒሳብ ላይ አንዲት እርምጃ አያስኬድሽም። የገባሽን ነገር ግን ሳታዪ አሰሚው እያልኩሽ ነው።

ፊዚክስን በቅርብ እንየው። «ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ምን ያህል ከፍታ ይደርሳል?» የሚል ጥያቄ ወርክሺቱ ላይ አለ እንበል። መልሱም ከሥሩ ተሠርቷል። አብዛኛው ተማሪ ምን ያደርጋል? ጥያቄውን ያነባል፣ ወዲያው ዓይኑ ወደ መልሱ ይወርዳል፣ እያንዳንዱን መስመር እየተከተለ «አዎ፣ ልክ ነው» ይላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በአንድ ሰዓት ሃያ ጥያቄ «ሠራሁ» ይላል። አንዱንም አልሠራም።

አንቺ መልሱን በደብተር ሸፍኚው። የተሰጠሽን ጻፊ፤ መነሻ ፍጥነት 20፣ የመሬት ስበትን 10 ብለን እንያዘው። እዚህ ጋ ትቆሚያለሽ፤ የሚጎድል ነገር አለ። ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? ጥያቄው አልነገረሽም። መውጣቱን አቁሞ መውረድ የሚጀምርባት ቅጽበት ስለሆነች ዜሮ ነው፤ ይህን ግን ራስሽ ነሽ ማምጣት ያለብሽ። እሱን ካመጣሽ የቀረው ስሌት ነው፤ የ20 ስኩዌር 400፣ ለሁለት እጥፍ ስበት ማለትም ለ20 ሲካፈል፣ 20 ሜትር። ካልመጣልሽ አምስት ደቂቃ ያህል ታገዪ፤ ከዚያ ደብተሩን አንድ መስመር ብቻ ዝቅ አድርጊና እዪ፣ መልሰሽ ሸፍኚ። የተሠራ መልስ ስትከተዪ ያቺን ዜሮ ሳታስተውያት ነው የምታልፊያት። ፈተናው የሚጠይቅሽ ግን እሷን ነው።

ለሳይኮሎጂ፣ ለሎጂክ፣ ለጂኦግራፊ ደግሞ መንገዱ ከዚህ ይቀላል። ከክፍል በወጣሽበት ቀን ማታ፣ ሃንድአውቱን ከመክፈትሽ በፊት፣ ባዶ ወረቀት አውጪና መምህሩ ያስተማረውን የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊ። በአማርኛም ይሁን፣ በቅልቅልም ይሁን። ከዚያ ሃንድአውቱን ክፈቺና የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙይ። በማግስቱ የምታጠኚው ቀዩን ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ በቀይ ይሞላል፤ አትደንግጪ። ያ መጨናነቅ ራሱ ትምህርቱ ነው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ቀዩ እየሳሳ ሲሄድ ታዪዋለሽ። ደብተር ስትይዢ ደግሞ በግራ በኩል ህዳጉን ሰፋ አድርገሽ ተዪውና ማታ ላይ ጥያቄ ጻፊበት። አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዋልተር ፖክ ተማሪዎችን ያስለመደው ዘዴ ነው። ቀኙን ሸፍነሽ ግራውን ትመልሻለሽ።

ማስመሩን ተዪው ባልልሽም፣ ጥናት ነው ብለሽ ግን አትቁጠሪው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ነበር። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ተርታ ተመደቡ። ከፍተኛ የተባሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማራራቅ።

ማራራቁ እንዲህ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት እንደሚረሳ፣ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ ሰኞ የተማርሽውን ሰኞ ማታ ሳታዪ ጻፊው። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ላይ አሥር ደቂቃ መልሺበት። ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር አብረሽ ራስሽን ፈትኚ። በየምዕራፉ አምስት ሰዓት በአንድ ሌሊት ከመጨረስ፣ ያችኑ አምስት ሰዓት በሦስት ሳምንት ውስጥ በትኚያት።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ማደባለቅ የሚባል ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያንቺ 11 የመጣው ከዚህም ሊሆን ይችላል። ወርክሺት አብዛኛውን ጊዜ በምዕራፍ ነው የሚመጣው። የሊሚት ጥያቄ ሃያ፣ የዴሪቬቲቭ ሃያ። ሃያውን በተከታታይ ስትሠሪ፣ የትኛው ዘዴ እንደሚያስፈልግ ማሰብ አይጠበቅብሽም፤ ርዕሱ ነግሮሻል። ፈተና ላይ ርዕስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር ይህንኑ ፈትነውታል። ጥያቄዎችን በየዓይነታቸው ለይተው የሠሩት ተማሪዎች በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ አገኙ፤ አደባልቀው የሠሩት 60 በመቶ ብቻ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ 20፣ ያደባለቁት 63 በመቶ አገኙ። ስለዚህ ከየምዕራፉ ጥያቄዎችን በቁራጭ ወረቀት ገልብጪ፣ አደባልቀሽ አንድ በአንድ አውጪያቸው፣ ለእያንዳንዱ መጀመሪያ «ይህ በምን ይፈታል?» ብለሽ መልሺ። ልምምዱ ይከብድሻል፤ ስህተትሽም ይበዛል። ይብዛ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። በ2014 ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ያንቺ ዕድሜ ልጆች የ8ኛውን ወይም የ9ኛውን ክፍል ትምህርት በትክክል አልጨረሱትም፤ ከዚያ በኋላም ሰላሙ ሙሉ ሆኖ አልተመለሰም። የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲከብድሽ ብዙ ጊዜ የሚከብድሽ አዲሱ ትምህርት ሳይሆን ሥሩ ያለው ፋክተር ማድረግ፣ ክፍልፋይ፣ የትሪጎኖሜትሪ መሠረት ነው። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ የተወሰደብሽ ጊዜ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ በፒዲኤፍ አውርጂና ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ስጪው። ማንም ሊያፍርበት የሚገባ ነገር አይደለም።

እንግሊዝኛውም አለ። ሃይስኩል ላይ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም መምህራን ብዙውን በአማርኛ ያብራሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ ሶማልኛ ተናጋሪው፣ ትግርኛ ተናጋሪው አብሮሽ ተቀምጧል፤ መምህሩ በእንግሊዝኛ መቀጠል አለበት። ብዙ ተማሪ ትምህርቱ ሳይሆን ጥያቄው ነው የማይገባው። የማየው ጥሩ መንገድ ይህ ነው፦ ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ ለራስሽ አስረጂ፣ ልክ ለታናሽ እህትሽ እንደምትነግሪ። ከገባሽ በኋላ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፊው፣ ፈተናው የሚመጣው በእሱ ነውና። ለየኮርሱ ትንሽ የቃላት ደብተር ያዢ። የፈተና ትዕዛዝ ቃላትንም አስገቢበት፤ «አብራሪ»፣ «አወዳድሪ»፣ «አረጋግጪ» የሚሉት በእንግሊዝኛ ሲመጡ የሚጠይቁት መልስ የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮርስን የሥራ ጫና በሚለኩበት ኢሲቲኤስ በሚባለው አቆጣጠር አንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ ክፍል የምትቀመጪበትም ይቆጠራል። ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ እንግዲህ በሴሚስተር 125 ሰዓት ያህልና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስቱን ሰዓት ክፍል ብትውዪ፣ ለራስሽ አምስት ያህል ይቀራል። ያንቺ ሰዓት ብዛቱ አያንስም፤ እንዲያውም ማታ ላይ መቀነስ ነው ያለብሽ።

እስከ ሌሊት ሰባት ማንበቡን አቁሚ። ቀን የተማርሽው ነገር አእምሮሽ ውስጥ የሚደላደለው ስትተኚ ነው። ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ ያጠናሽውን ራሱ ይበላብሻል። ዶርም ውስጥ ሁካታ እስከ እኩለ ሌሊት ካላቆመ፣ ጆሮሽን ደፍነሽም ቢሆን አምስት ሰዓት ላይ ተኚ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሺ። ኮምቦልቻ ከደሴ ትሞቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ያዝላል፣ ጠዋቱ ግን ደስ ይላል። ከባዱን ሒሳብ ለጠዋት አድርጊው፣ ለሳይኮሎጂው ከሰዓቱም ይበቃል።

ይህን ስል ስለ ጫት ዝም ማለት አልችልም፣ አካባቢያችንን አውቀዋለሁና። አንቺ ባትቅሚም የሚያቀርብልሽ አይጠፋም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ እንቅልፍ ያባርራል፣ ያነበቡት ሁሉ የገባ ያስመስላል። ምርቃናው ሲያልፍ ግን እንቅልፉም የለም፣ ድብርቱም ይመጣል፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ሰውየው ሳይሆን ጥላው ነው። ጎበዝ ልጆች በዚህ መንገድ ሲወጡ አይቻለሁ፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ስልክሽን በጥናት ሰዓት ከክፍሉ አውጪው ወይም ለጓደኛ ስጪው። ቴሌግራም ላይ የሞላውን ፒዲኤፍ ማውረድ ጥናት አይደለም። ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል።

የቡድን ጥናት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ አንዱ ጎበዝ ሰሌዳው ጋ ይቆማል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ሁሉም «ገባን» ብሎ ይበተናል። የተጠቀመው የቆመው ልጅ ብቻ ነው። ሦስት ወይም አራት ሁኑ። እያንዳንዳችሁ ጥያቄውን ሞክራችሁ ነው የምትመጡት። ያልገባው ነው ሰሌዳው ጋ የሚቆመው፤ ጎበዙ ተቀምጦ ይጠይቀዋል። ለሴቶች ልጆች ደግሞ የማታ ጥናት ላይ አብሮ መሄድ አብሮ መመለስ ስላለ፣ እንዲህ ያለ ቡድን ድርብ ጥቅም አለው። ቅዳሜ ደሴ የምትወጪ ከሆነም የሐረጎን ዳገት እስክትወጡ ሚኒባሱ ውስጥ ጊዜ አለሽ። የሳምንቱን ርዕሶች በጣትሽ እየቆጠርሽ በልብሽ አሰሚ፤ ያልመጣልሽን ስትወርጂ ስልክሽ ላይ ጻፊ።

ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጊልኝ። የሒሳብ መምህርሽ ቢሮ ሂጂና የሚድ ወረቀትሽን ለማየት ጠይቂ። ማርክ ለመለመን እንዳልመጣሽ ከመጀመሪያው ተናገሪ። «መምህር፣ የት የት እንደተሳሳትኩ አይቼ ለፋይናል መዘጋጀት ስለምፈልግ ነው» በዪ። አብዛኛው መምህር በዚህ ደስ ይለዋል፤ ቢሮው የሚመጣው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ነጥብ ፈላጊ ስለሆነ። ከዚያ እያንዳንዱን ስህተት ለዪው። ፈጽሞ የማላውቀው ነው? የማውቀው ግን ያልመጣልኝ? ጥያቄው ያልገባኝ? ወይስ ምልክት የሳትኩበት? የመጀመሪያው ከበዛ ሥር መሠረቱን አጥኚ። ሁለተኛው ከበዛ ከላይ ያልኩሽን ማሰማት አጥብቂ። ሦስተኛው ከሆነ የቃላቱን ደብተር። አራተኛው ከሆነ ሰዓት ይዘሽ፣ እንደ ፈተና ተቀምጠሽ መሥራትን ልመጂ።

ዊዝድሮውን በተመለከተ፣ አሁን አይደለም። ዊዝድሮው ለታመመ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ከባድ ነገር ለደረሰበት ተማሪ የተከፈተ በር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለብሽ ያለ ሐፍረት ተጠቀሚበት፣ ቀነ ገደቡንም ሬጅስትራር ጠይቂ። ፎርም ሳይሞሉ ጥሎ መሄድ ግን ተመልሶ ለመግባት ብዙ ጣጣ ያመጣል። ካልሆነ ግን ስሌቱን እዪው። ኮርስ አውትላይንሽ ሚድ 30፣ ኩዊዝና አሳይመንት 20፣ ፋይናል 50 የሚል ከሆነ፣ ገና 70 ነጥብ እጅሽ ላይ ነው። ከ20ው 15፣ ከ50ው 34 ብታመጪ፣ ያ 11 ተደምሮበት 60 ይሆናል። 34 ከ50 በአሁኑ አጠናንሽ ሩቅ ነው። ወረቀቱን ዘግተሽ ካጠናሽ ግን የሚደረስበት ነው።

ለሦስት ሳምንት ሞክሪውና ጻፊልኝ። ስትጽፊ የመጀመሪያውን ሳምንትና የሦስተኛውን ሳምንት የሳይኮሎጂ ወረቀትሽን ፎቶ አያይዢልኝ፤ ቀዩ የት የት እንደቀረ አብረን እናያለን።